ከአጥሩ ሥር

«ቴሪየር ይባላል ዘሩ፤ ትንሽ ነው ብለሽ እንዳትንቂው» አሏት እትዬ ሮማን፣ ውሻውን ኒኪን ገዝተው ያመጡት ቀን። «አይጥ ከሸተተው አለት ይቆፍራል። ግልፍተኛ ነው፤ ደግሞ ተዘግቶበት መዋል አይችልም።»

ትርንጎን ደላላ ለቤት ሠራተኝነት እዚህ ግቢ ካስገባት ሁለት ዓመት አልፏታል። የበሩ ቁልፍ ከእትዬ ሮማን አንገት ወርዶ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ባለች ቁጥር «የሚመጣው እሑድ» ይሏታል። ኒኪን ግን ማለዳ ማለዳ ያንሸራሽሩታል፤ ሲመለስ የእግሩን ጭቃ የምታጥበው እሷ ናት።

አንድ ረፋድ ኒኪ ጠፋ። ከአጥሩ ሥር አዲስ ቀዳዳ ተገኘ። እትዬ ሮማን ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው በሩን ከፈቱላት።

«ሩጪ! ሳታገኚው እንዳትመለሺ!»

ሩቅ አልሄደችም። ኒኪ ከአጥሩ ጀርባ፣ አፍንጫው በአፈር ተለውሶ፣ የአይጥ ጉድጓድ ይምሳል። አነሳችው። አገጯን ላሳት። እሷም ደረቷ ላይ ለጥፋ ለአፍታ አቀፈችው።

«ሂድ በል፣ አንተን ይወዱሃል» አለችው።

በቆፈረው ቀዳዳ ወደ ግቢው መልሳ አስገባችው። ከዚያ ትልቅ ድንጋይ አንከባላ ቀዳዳውን ከውጭ ደፈነችና የመናኸሪያውን መንገድ ያዘች።