ያልተቀበረው ጎል

ራሄል የጎሉን ቋሚ በአንድ እጇ ገፋ አደረገችው። ያ ሁሉ ብረት ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ። በስመ አብ! ቅዳሜ ለሩጫ ውድድር ሜዳው ይለቀቅ ተብሎ ከነሥሩ ተነቀለ፤ ሰኞ ሲመልሱት እንዲያው አቆሙት እንጂ አልቀበሩትም። የሯጮች አገር በቆጂ ለሯጭ ሜዳ ለመጥረግ ማን ብሎት፤ መልሶ ጉድጓድ መቆፈሩን ግን ማን ያስታውሰዋል?

ልጆቹ ደግሞ በእረፍት ሰዓት አግዳሚው ላይ ሳይንጠለጠሉ አይውሉም።

"ጋሼ፣ ወይ ዛሬውኑ ይቀበር፣ ወይ ይውረድ" አለቻቸው ዳይሬክተሩን አቶ ኃይለመስቀልን።

"አንቺ ደግሞ! ጎል ጎል እያሉ ቢያሳብዱኝ ነው ያስቆምኩት። ሲሚንቶ እስኪመጣ ይቁምላቸው። እስከዛሬ ማንን ገደለ?"

"እስኪገድል እንጠብቅ?"

አቶ ኃይለመስቀል ሳቅ ብለው ወደ ቢሯቸው ሄዱ። ራሄል የስፖርት መምህርት ናት፤ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። በዝናብ ቁልቁለቱ ላይ አትሩጡ ያለች ዕለት ነው ሰዉ ፊቱን ያዞረባት። በቆጂ ላይ አትሩጡ! ወይ ድፍረት! መምህራኑ ጋ ስትገባ ወሬው ይቋረጣል፤ ሻይዋንም ብቻዋን ነው የምትጠጣው።

የእረፍት ደወል ሊደወል ነው። ሜዳው ላይ ማንም የለም። ራሄል ትከሻዋን ብረቱ ላይ አሳርፋ ገፋችው። እንዲህ በቀላሉ ይሄዳል ብላ አላሰበችም። መሬቱ ድብ አለ፤ አግዳሚው እርጥቡ ሳር ውስጥ ገባ። እዚያ ሥር ልጅ ቢኖርስ? ሲወድቅ ያየ ሰው ግን አልነበረም።

ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ እየተንጫጩ ወጡ፤ ጎላቸው ተዘርሮ፣ ራሄልም አጠገቡ ብቻዋን ቆማ ሲያዩ ባሉበት ቆሙ።

"ቲቸር ራሄል ናት የጣለችው" አለች የአምስተኛ ክፍል በረኛዋ ሩዋይዳ። "እኛን ስለማትወደን ነው።"

ራሄል ልታስረዳ አፏን ከፈተች። ያልደረሰባቸውን ነገር ምን ብላ ታሳያቸው? ሆድ ባሳት። ከቤተሰቦቿ ከተለየች ጀምሮ እንዲህ ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም።

ልጆቹ ሹራባቸውን አውልቀው ጎል ሠሩና ጨዋታ ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ኳሷ ተንከባልላ ራሄል እግር ሥር ቆመች። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ቲቸር ኳስ!" ብለው በጮኹ ነበር። ዛሬ ማንም አልጠራትም። ሩዋይዳ ራሷ መጣች፤ ቀና ብላ ሳታያት ኳሷን አነሳችና በሁለት ደህና እግሮቿ እየሮጠች ተመለሰች።