ፊሽካ ሳይነፋ

ወንዙ ለከተማው ግድብ ከተጠለፈ ሁለት ወር ሆነው። የታችኛው መንደር ከብቶች እያለቁ ነው። የአንዲት የመንደሩ ሴትዮ ላምም ትናንት ሞታለች። በማለዳ ልጇን ዘርፌን ጣሳና ጄሪካን አስይዛ ወደ ደረቁ ወንዝ ላከቻት።

«አሸዋውን ጠለቅ አድርገሽ ቆፍሪ። ጄሪካኑ ሳይሞላ እንዳትወጪ!» አለቻት። ከዚያ የመንደሩን ወንዶች ተከትላ ወደ ግድቡ ወጣች።

የውሃው በር ዘበኛ ቁልፉን አልሰጥም አለ። በመጥረቢያ እጀታ ጉልበቱን ሰበሩት። ወድቆም ቁልፉን ከጭብጡ አልለቀቀም።

«እሺ ልክፈትላችሁ! ግን መጀመሪያ ፊሽካ ልንፋ!» ብሎ ሌላውን እጁን ወደ አንገቱ ሲዘረጋ፣ ጎረቤቷ አያልነህ ጮኸ።

«ፖሊስ ሊጠራብን ነው! አንቺ፣ ንጠቂው!»

ሴትዮዋ አፉን በድንጋይ መታችው። ፊሽካውን ከነክሩ ከአንገቱ በጠሰችው። ወንዶቹ ጣቶቹን ረግጠው ቁልፉን ወሰዱና በሩን ከፈቱ። ውሃው ድንጋይ እያንከባለለ ወደ ደረቁ ወንዝ ወረደ።

«እሰይ! ዛሬ ከብቶቻችን ይጠጣሉ!» አለ አያልነህ፣ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ እየተኮሰ።

ዘበኛው የተሰበረ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ።

«የምን ፖሊስ?» አለ። «ፊሽካው የሚነፋው፣ ታች አሸዋ የሚቆፍር ሰው ካለ ቶሎ እንዲወጣ ነው።»

ሴትዮዋ ጭብጧን ገልጣ አየች። ደም የነካውን ፊሽካ ወደ አፏ ወስዳ ነፋች። ትንፋሿ እስኪያልቅ ነፋች። ውሃው የወንዙን መታጠፊያ አልፏል።

ወንዶቹ ደስ ብሏት የምትነፋ መስሏቸው አጨበጨቡላት።