የአንሶላ ክፍሉ በር

ሦስተኛውን ብሎን ፈትቼ ኪሴ ስከተው የምግብ ቤቱ ባለቤት ኖላዊ ከጓዳ ብቅ ይላል። ቤቱ ገና አልተከፈተም፤ የኋላውን መግቢያ ለአትክልት አምጪው ክፍት ትተውት ነው የገባሁት። ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ የእንጨት በር ከወለሉ ከፍ ተደርጎ ተሰቅሏል። ከበሩ ፊት ለፊት ብቻውን የተቀመጠ ወንበር አግኝቼ፣ እሱ ላይ ወጥቼ ነው የምፈታው።

"እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

አንቺ አለኝ። የልጄ እኩያ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ስለከፈተ ሰው ሁሉ እኩያው መስሎታል።

"በሩን እየወሰድኩ ነው። የእኔ ነው።"

"እንዴት ነው ያንቺ የሚሆነው? ሞቴሉ ሲፈርስ እኔ ነኝ የገዛሁት። ቪንቴጅ ነው፣ የድሮ ዕቃ። ፕሊስ ውረጂ፣ ፖሊስ እንዳልጠራ።"

"ጥራ!"

አልወርድም። ዛሬ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ልጄ ኤልሻዳይ የቀለበቷን ምሳ እዚሁ ቤት ታበላለች፤ የእጮኛዋ ዘመዶች ከነሽማግሌዎቻቸው ይመጣሉ። እስከዚያ ይህን በር ካላጠፋሁት አለቀልኝ። የበሩን ፎቶ የላከችልኝ ድሮ አብራኝ ታጸዳ የነበረችው ሙሉዬ ናት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

በሩ የመጣው ቬኒስ ቢች ከነበረው ከሲልቨር ፔሊካን ሞቴል ነው። ስምንት ዓመት አንሶላ ቀይሬበታለሁ። አምና አፈረሱትና አሁን ቦታው ላይ የመስታወት ሆቴል ይሠራበታል። ሲፈርስ ፌስቡክ ላይ ያላለቀሰ አልነበረም። የኒዮን መብራቷ ወፍ ቀረች፣ ትንሿ መዋኛ ቀረች፣ ልጅነታችን ቀረ። ከአልቃሾቹ መሀል አንድም ቀን ከፍራሽ ላይ አሸዋ ያራገፈ፣ የሰው ሽንት ቤት የፈገፈገ የለም። እኔ ግን ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ሄጄ ሲናድ አይቻለሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ጭራሽ ሆድ ባሰኝ፣ በራሴም ተናደድኩ።

ኖላዊ ከበሩ አጠገብ ያንጠለጠላትን ጽሑፍ በጣቱ ይመታል። "ይሄን አንብቢ እስቲ። ሂስትሪ ነው።"

"የአንድ ቤተሰብ በጋዎች፣ ከ1989 እስከ 1993" ትላለች። እንግዶች በየዓመቱ እየመጡ የልጃቸውን ቁመት በእርሳስ ምልክት አድርገውበታል፣ የሰማንያዎቹ መጨረሻ ትዝታ ነው፣ ምናምን።

እስቃለሁ። ክፉ ሳቅ ነው፣ ለራሴም ይታወቀኛል።

"ዓመቱን የጻፍኩት በኛ አቆጣጠር ነው፣ አንተ ቂል! እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር እኔ ነኝ የለካኋት። ያኔ ፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት ላይ ነበሩ። የአበሻ ምግብ እየሸጥክ የአበሻ ዓመት አታውቅም?"

ፊቱ ይቀላል። "ሶ... የእንግዳ ልጅ አይደለችም?"

"የእኔ ልጅ ናት። ይሄ አንሶላና ፎጣ የምናስቀምጥበት ክፍል በር ነው። ሥራ ቦታ አብራኝ ትውል ነበር፣ ስትጫወት፣ ስትስቅ። በል አሁን ወንበሩን ያዝልኝ።"

አይይዝልኝም። ቆሞ ያስባል። ሲያስብ ደግሞ ይበልጥ ጠላሁት።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስሰቅለው ጀርባውን አይቼዋለሁ። መቀርቀሪያ አለው፣ በውጭ በኩል። ልጅቷ የተለካችው ግን በውስጥ በኩል ነው።"

"ታዲያስ?"

"ታች ያለው ጭረትስ? እኔ ውሻ መስሎኝ ነበር።"

ወደ ታች አላይም። ሳላየውም አውቀዋለሁ፤ ቀለሙ ተፍቆ እንጨቱ የነጣበት ቦታ ነው። ያኔ የሞቴሉ ማናጀር ልጅ ይዘሽ ካየሁ አባርርሻለሁ ብሎኛል። የሚይዝልኝ ሰው አልነበረኝም። ባትሪ እሰጣታለሁ፣ ብስኩት እሰጣታለሁ፣ እቀረቅርባታለሁ። ስታለቅስ እንዳይሰማ የምንጣፉን መጥረጊያ ማሽን ደጃፉ ላይ አብርቼ እተወዋለሁ። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ በሩን አስደግፌ ቁመቷን እለካለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ስናፍቅ የኖርኩት ያቺን አንድ ቀን ነው።

"ውሻ ነው" እለዋለሁ።

ኖላዊ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። "ትናንት ለቅዳሜ ሪዘርቭ ያደረገችው ልጅ ቤቱን ልታይ መጥታ ነበር። እዚህ ጋ ስትደርስ ቆመች። ኦኬ፣ ፎቶ ልታነሣ ነው ብዬ ዝም አልኳት። ጎንበስ ብላ ጣቶቿን ጭረቱ ውስጥ ከተተች፣ አንድ በአንድ። ካልወደድሽው ላንሣው አልኳት። 'እንዳትነካው' አለችኝ። 'የእናቴን ወንበር ብቻ እዚህ አድርግልኝ። ፊቷን ወደ በሩ።'"

ከእግሬ በታች ያለውን ወንበር ያያል፤ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን።

"እናቷ... እርስዎ ነዎት እንዴ?"

አሁን ነው አንቱ ያለኝ። ግድግዳውን ይዤ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ። የወንበሩ መደገፊያ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች፤ በተንጋደደ ፊደል "እናቴ" ይላል። ጽሕፈቷን አውቀዋለሁ። ወንበሩ ላይ በጫማዬ ቆሜ ነበር።

ብሎኖቹን ከኪሴ አወጣለሁ። እንደገና እወጣና ሦስቱንም በየቦታቸው መልሼ አጠብቃቸዋለሁ። ወንበሩን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ እቀመጥበታለሁ። ጭረቱ ልክ በዓይኔ ትይዩ ነው።