የመርፌው ተራ

እናቴ ክንዴን ይዛ ሰልፉ ውስጥ ታስገባኛለች። መርፌው የሚሰጥበት ድንኳን የተተከለው ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ነው። የሆማ ቤይ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ መረቡን እያራገፈ ማን እንደተሰለፈ ያያል።

«እማዬ፣ ሰው ሲቀንስ ልምጣ፣» እላታለሁ።

«ባለፈውም እንዲህ ብለሽ ነው የቀረሽው፣ አዊኖ።»

እውነቷን ነው። ከነገ ጀምሮ ዓሣ ልነግድ ነው፤ በዚህ ዳርቻ ደግሞ ሴት ገንዘብ ስለያዘች ብቻ ዓሣ አታገኝም። ባለጀልባው ወዳጁ እንድትሆን ይፈልጋል፤ ስንት ወዳጅ እንዳለው አይጠየቅም። አክስቴን ከመቃብር ያደረሳት ይኸው ነው። መርፌው በዓመት ሁለቴ ሆድ ላይ ይወጋል፣ ኤችአይቪ እንዳይዝ ይከላከላል። ለመወጋት የተሰለፈችውን ግን ወይ ታማለች ይሏታል፣ ወይ ልትማግጥ ነው። እኔ ሁለቱንም ፈርቼ አንገቴን ደፍቻለሁ።

ነርሷ ከድንኳኑ ብቅ ብላ እናቴን ታያታለች። «ማማ፣ ልጅዎን ይዘው መምጣትዎ ጥሩ ነው። እርስዎ እዚያ ጥላው ጋ አረፍ ይበሉ።»

«ምን አሳረፈኝ? እኔም ልወጋ ነው የመጣሁት።»

ከጀልባዎቹ በኩል ሳቅ ይሰማል። የሚስቀው ኦጉቱ ነው፣ እናቴ ዓሣ የምትገዛበት ባለጀልባ። «ፊልጎና፣ አንቺ አሮጊት ደግሞ መርፌ ምን ሊያደርግልሽ ነው?»

እናቴ ዞር እንኳ አትልም። «ትናንት ማታ አሮጊት መሆኔ አልታየህም ነበር፣ ኦጉቱ።»

ዳርቻው በሳቅ ያብዳል። የኦጉቱ ሚስት ሳሎሜ ግን እዚያው አጠገባችን ማንዳዚ የሚሉትን ብስኩት በዘይት እየጠበሰች ነው፤ ሁሉንም ሰምታለች። መጥበሻውን ከእሳቱ ታወርድና ጭልፋዋን እንደያዘች ወደ እኛ ትመጣለች። እኔ እናቴ ፊት እገተራለሁ።

«ሳሎሜ፣ ቀልድ እኮ ነው፣» ይላል ኦጉቱ።

አታየውም። እናቴንም አልፋ ነርሷ ፊት ትቆማለች። «እህቴ፣ ይሄ መርፌ ለሚስትም ይሰጣል?»

«ለሚስትም ይሰጣል።»

እናቴ ዓሣ ሲሰፈር ማንንም አታስቀድምም፤ ለተራ ስትል የተጣላቻቸው ብዙ ናቸው። አሁን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች። «ግቢ፣ ሳሎሜ። ከእኔ ፊት ግቢ።» ሳሎሜ ለአፍታ አፍጥጣ ታያታለች፤ ይቅርታ ያደረገች አትመስልም። ከዚያ ጭልፋውን እጇ ላይ አኑራላት ትገባለች።

መጀመሪያ ደም ይመረመራል። ቫይረሱ ያለባት ሌላ መድኃኒት ይጀመርላታል እንጂ ይህን መርፌ አትወጋም። ስለዚህ ሁላችንም እንጠብቃለን። ኦጉቱም መረቡን ማራገፍ ትቶ በድንኳኑ በር ላይ ተተክሏል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እናቴ ጭልፋውን ይዛ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ዳርቻው ሁሉ እያያት ቆማለች። እንደዚህ ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም። የእሷ ልጅ በመሆኔ ደረቴ ይሞላል።

ሳሎሜ እንብርቷ አጠገብ ሆዷን በመዳፏ ይዛ ትወጣለች። ተወግታለች። ጭልፋዋን ከእናቴ እጅ ተቀብላ፣ ባሏን ሳታየው ወደ መጥበሻዋ ትመለሳለች። ኦሜና የሚባለውን ትንንሽ ዓሣ ፀሐይ ላይ ከሚያሰጡት ሴቶች ሁለቱ ሥራቸውን ትተው ከኋላዬ ይሰለፋሉ።

«ቀጣይ ማን ናት?» ትላለች ነርሷ።

እናቴ አፏን ሳትከፍት እቀድማታለሁ። ጀልባዎቹ ድረስ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እኔ ነኝ፣» እላለሁ።