ሦስት ፊደል፣ አግድም

ጎረቤታችን ሽማግሌው የኋላውን ክፍል መቀባት ሲጀምሩ ሰፈሩ ሚስት ሊያመጡ ነው አለ። ስንት ጊዜ ተቆልፎ የኖረ ክፍል ነው። አዲስ ፍራሽ ገባ፣ መጋረጃ ተሰቀለ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ ኩባያ እንኳ ያልገዙ ሰው ናቸው፤ ታዲያ ሌላ ምን ይባል?

ሰውየው የጋዜጣ እንቆቅልሽ ሠሪ ናቸው። ያን አግድምና ቁልቁል በሣጥን በሣጥን የሚሞላውን። ቅዳሜ ቅዳሜ ይወጣል። ሰፈሩ "ጋሽ ሣጥን" ይላቸዋል፤ ያውቃሉ፣ አይቆጡም። ፍንጫቸው እንደ ሰው ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንዴ "ጠባብ አይደለም፤ መርፌ ግን አያጣም" ብለው ጽፈው መንደሩ ሲያምጥ ዋለ። መልሱ ለካ "ሰፊ" ነው። ሜዳውም ሰፊ፣ ልብስ የሚሰፋውም ሰፊ።

ያን ጊዜ መልሱን ከማድ ቤት ሆና የጮኸችው ልጃቸው ነበረች፤ ገና ጥርሷን ያልነቀለች። አባትና ልጅ በሌላ ቋንቋ አያወሩም ነበር። ሻይ ስጪኝ ለማለት እንኳ ፍንጭ ነው።

አደገችና አንድ ሹፌር ወደደች። አባት አልወደዱትም። በግድግዳው በኩል የተሰማው የመጨረሻው ቃል "ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ" የሚል ነው። አልረገጠችም። እናቷ ሲቀበሩ እንኳ ከሩቅ ቆማ አልቅሳ ሄደች።

ቀለሙ ሳይደርቅ ገባሁና "ጋሼ፣ ሙሽሪት መቼ ነው የምትገባው?" አልኳቸው።

"ምን ሙሽራ አመጣሽ? ልጄ ናት" አሉ ብሩሹን ሳያስቀምጡ።

አክስቷ መጥታ ነበር አሉ። አክስትየዋ የሟች ሚስታቸው እህት ናት፤ ሁልጊዜ የምትቸኩል፣ ታክሲ አስቁማ የምታወራ፣ የሰው መልእክት ቆራርጣ የምታደርስ። "ልጅዎ መምጣት ትፈልጋለች፤ መልስዎን ትጠብቃለች" ብላ ሳትቀመጥ ወጣች።

"እና ምን መለሱላት?"

"መልሴን ቅዳሜ በጋዜጣ ታገኘዋለች አልኳት።"

"አይ ጋሼ፤ ስልክ እያለ?"

"በአፌ ነው ያባረርኳት" አሉ። "አፌን አላምነውም።"

ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ፍንጩን አነበቡልኝ። "ፍቅር ራሱን አጣ፤ ‘ይሁን’ የራሱን ሰጠው። ሦስት ፊደል፣ አግድም።"

"እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ ቀስ ይበሉ።"

"የቃል ራሱ የመጀመሪያው ፊደል ነው። ከ‘ፍቅር’ ላይ ራሱን አንሺ። ምን ተረፈ?"

"‘ቅር’። ቅር ያለው ሰው ይመስላል።"

ሳቅ አሉ። "ይመስላል። አሁን የ‘ይሁን’ን ራስ ውሰጂና ቦታው ላይ ትከዪው።"

በጣቴ ጠረጴዛው ላይ ጻፍኩት። "ይቅር" አልኩ።

"ይቅር" አሉ እሳቸውም፣ እንደሚሰበር ነገር ቀስ ብለው። "ይሄን ቃል በዕድሜዬ ለማንም ብዬው አላውቅም።"

ቅዳሜ ተላጭተው፣ ክራቫት አስረው፣ በሩን ወለል አድርገው ተቀመጡ። መኪና በቆመ ቁጥር ብድግ ይላሉ። አንዱ ፍሪጅ ጠጋኝ ሆነ፣ አንዱ አድራሻ የጠፋው እንግዳ። ሲመሽ በሩን ራሳቸው ዘጉ።

"አክብጄባታለሁ" አሉኝ። "እንቆቅልሽ መፍታት ከተወች ቆይታለች።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ቃል መልሰው አስገቡት፣ አቅልለው። "በ‘ይ’ ጀምር፤ የቀረውን ከፍቅር ውሰድ።" ይሄንንማ ባለሱቁም ፈታው።

አልመጣችም።

ሰፈሩ አፉን ከፈተባት። ልበ ድንጋይ አላት፣ የሹፌር ምርኮኛ አላት። ባለሱቁ ደግሞ "ቆዩ ብቻ፣ ቤቱን ልትወርስ ስትመጣ ታዩዋታላችሁ" አለ። የተከራከረው የለም። "እኔ ልደውልላት" ስል ግን ሽማግሌው እጄን ያዙኝ።

"አግኝታዋለች። ያቺ ልጅ እኔ የጻፍኩት አይጠፋባትም። ከዚህ ወዲያ መጥራት ማስገደድ ነው። እንግዲህ ከልቧ አልወጣላትም፤ መብቷ ነው።"

እንቆቅልሹን ተዉት። ጋዜጣው በቦታው የሳሙና ማስታወቂያ አወጣ። ቀጥሎ እህል አልወርድ አላቸው፤ ብርዱ ሲገባ ሳል ያዛቸው፤ ሐኪሙ ሳንባ ነው አለ። ፀሐይ የሚገባው በኋላው ክፍል ነውና እዚያ እናስተኛዎት ብንል እንቢ አሉ። "የእሷ ነው፤ አንሶላውን አታቆሽሹባት።"

በተቀበሩ ማግስት መጣች። ሻርፕ ጥላ፣ ከስታ፣ ከደጃፉ መለስ ብላ ቆመች። ምላሴን ስዬ ነው የጠበቅኋት።

"አሁን መጣሽ? አባትሽ በር በሩን እያዩ ሲያልቁ የት ነበርሽ? ጋዜጣው አልደረሰሽም?"

"ደርሶኛል፣ እትዬ።"

"አልፈታሽውም?"

"ፈታሁት እንጂ። መጀመሪያ አላመንኩም። በሳምንቱ ሲደግመው ጊዜ ሻንጣዬንም ፈታሁት።"

"ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ ልጄ? ሽማግሌ አባት እንዲያ ብሎ ሲለምንሽ?"

ቀና ብላ አየችኝ። ግራ የገባት ትመስል ነበር።

"ሲለምነኝ?" አለች። "እኔ በአክስቴ የላክሁበት እኮ ‘አባዬ፣ ልምጣ ወይስ ይቅር?’ ብዬ ነው።"