ዘፈን የሌለበት የአቦይ ስልክ

«ኧረ ይሄን ነገር ገልብጠህ አስቀምጠው… ሰው ያየናል!»

ናዝሬት ናት። እየሳቀች ነው።

መቀሌ፣ ሓወልቲ አካባቢ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል… እሷ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባቸው ጣሰው፣ እና የእኛ ጉድ ተስፋልደት።

ጠረጴዛው ላይ ያለው «ነገር» ቴክኖ ስልክ ነው።

ተስፋልደት እና ቴክኖ!…

ልጁ ስልክ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ከአይፎን ሌላ ነክቶ አያውቅም። ደረት ኪሱ ውስጥ የሚከተው ካሜራዎቹ ብቅ ብለው እንዲታዩለት ነው።

ሰው በራሱ ስልክ ፎቶ ሊያነሳ ሲል «ተወው ባክህ፣ በእኔ እናንሳ» ይላል።

ቻርጀር የለመነውን ሰው «የእኔ ለአንተ አይሆንም» ሲለው እንዴት ደስ እንደሚለው ብታዩት!

እንግዲህ ያ የተከበረ አይፎን ከባጃጅ ሲወርድ አስፋልት ላይ ተከሰከሰ። ስክሪኑ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቅ ተባለ።

ቁሓ የሚኖሩት አባቱ፣ እሱ «አቦይ» የሚላቸው አቶ ገብረተንሳኤ፣ ደውለው ደውለው ሲያጡት በሚኒባስ መሥሪያ ቤቱ ድረስ መጡ። ጉዳዩን ሲሰሙ የራሳቸውን ስልክ አውጥተው ሰጡት።

«ሲሜን አውጥቼዋለሁ ወደይ… ሥራህ እንዳይበደል።»

አመሰገነ? ምን በወጣው! ጥበቃው ጋ ተቀብሎ እዚያው ጥበቃው ጋ ሸኛቸው። ሰው እንዳያያቸው።

ወደ በረንዳው እንመለስ…

«የማን ነው ግን?» አለ ጣሰው።

«የሰፈር ሽማግሌ ነው ያዋሰኝ። የስልኩን ድምፅ ብትሰሙት ሞንታርቦ ነው! ቆይ ሰውዬው ምን ዓይነት ዘፈን እንደሚሰማ ላስቃችሁ…»

ሙዚቃ ማጫወቻውን ከፈተ።

ዘፈን የለም። ከላይ እስከ ታች የተደረደረው አንድ ስም ብቻ ነው… «ወደይ»። ልጄ ማለት ነው።

ሳያስብ አንዱን ነካው።

«አቦይ! ስብሰባ ላይ ነኝ አላልኩህም?!»

የራሱ ድምፅ! በረንዳው ሁሉ ዞሮ አየው።

«እሺ ወደይ… ደህና መሆንህን ልወቅ ብዬ ነው።»

«አወቅህ አይደል? በቃ ቻው!»

ለካ ስልኩ የሚደወለውን ሁሉ እንዲቀርጽ ተደርጎ ኖሯል።

ተስፋልደት ሊያጠፋው ተጣደፈ። አይፎን መስሎት ጣቱን ከታች ወደ ላይ ገፋ… ገጹ ጠፋ፣ ድምፁ ግን ቀጠለ። የጎኑን ቁልፍ ተጫነ… ጭራሽ ጮኸ!

በሰው ስልክ ሲስቅ የኖረ ጀግና መዝጊያው የት እንዳለ አያውቅም።

ቀጣዩ ደግሞ በራሱ ጀመረ…

«ወደይ፣ እሑድ ለእናትህ ሙት ዓመት ትመጣለህ አይደል?»

«አልችልም አቦይ። አዲስ አበባ ስልጠና ላይ ነኝ።»

ከጀርባ የሴት ድምፅ ገባ… «ማነው?»

«ማንም አይደለም! የሰፈር ሽማግሌ ነው፣ ሲጨቀጭቀኝ ነው የሚውለው!»

ከዚያ ሳቅ። የተስፋልደት ረጅም ሳቅ።

ናዝሬት ቀጥ አለች። ከጀርባ የጠየቀችው እሷ ነበረች። ያን ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ሳይሆን እዚሁ በረንዳ ላይ ነበሩ።

«አባትህ ነበሩ?…»

ተስፋልደት አንገቱን ደፍቶ ስልኩን መነካካቱን ቀጠለ።

«ከእናትህ ሙት ዓመት ቀርተህ ነው ከእኔ ጋር ኬክ ስትበላ የነበረው?»

ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ጣሰው ስልኩን ከእጁ ወስዶ ዘጋለት… ፊቱን እንኳን ሳያየው።

ተስፋልደት ተነስቶ ቀጥታ ወደ ቁሓ።

ይቅርታ ሊጠይቅ መሰላችሁ? የለም! ሊቆጣ ነው የሄደው። ኩራቱ ነው የተነካው እንጂ ልቡማ ገና ነው።

«አቦይ! ለምንድነው የምትቀርጸኝ? ልትከሰኝ ነው?!»

አቶ ገብረተንሳኤ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው በለስ እየላጡ ነበር። አንዱን ላጥ አድርገው ሰጡት።

«ቁጭ በል ወደይ። ጦርነቱ ጊዜ አንተ አዲስ አበባ ነበርክ፤ እዚህ የስልክ መስመር የሚባል የለም። እናትህ አልጋ ላይ ሆና ‹የልጄን ድምፅ አሰሙኝ› ትለኛለች። ከየት ላምጣላት?… ሳትሰማህ ሄደች።»

ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«መስመር ሲመለስ ሱቅ ገብቼ ‹ድምፅ የሚያስቀምጥ ስልክ ስጡኝ› አልኩ። ደግሞ ቢቋረጥ ብዬ።»

የልጁ ቁጣ የት እንደገባ ጠፋ።

«ያቺን… የሰፈር ሽማግሌ ያልኩባትን ቅጂ… ሰምተሃታል?»

«ብዙ ጊዜ።»

«ታዲያ ለምን አላጠፋሃትም?!»

አባት ቢላዋቸውን መልሰው አንስተው…

«ስቀህባታል እኮ ወደይ። ከእኔ ጋር ስታወራ ስቀህ አታውቅም… ስትስቅ የምሰማህ በእሷ ብቻ ነው።»

ተስፋልደት በለሱን እንደያዘ ቀረ። እያለቀሰ ስልኩን አውጥቶ ዘረጋላቸው።

አልተቀበሉትም።

«የአንተ እስኪሠራ ያዘው… ድምፅህን ብቻ እንዳታጠፋብኝ።»

…

ስልኩን ደረቱ ላይ ሰክቶ በሰው ሁሉ ላይ ለሚንጠባረር ሁሉ ይድረስልኝ።

የአይፎንህን ካሜራ አይተናል፣ አጨብጭበንልሃል። ሰው የሚታወቀው ግን በያዘው ስልክ ሳይሆን አባቱ ሲደውል በሚመልሰው መልስ ነው። መስመር ዛሬ ስላለ ነገም አለ ማለት አይደለም። ይሄን መቀሌ ያለ ሰው ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

አሁን እናንተን ልጠይቅ…

ለመጨረሻ ጊዜ እናታችሁ ወይም አባታችሁ ሲደውሉ የመለሳችሁት መልስ ተቀርጾ ቢሆን… ሰው በተሞላ ካፌ ውስጥ ታስከፍቱታላችሁ?

«አዎ» ወይም «አይ» ብላችሁ ከታች ጻፉ። ሰበብ አልጠየቅኩም።