የአክስቴ ፍሪጅ

ጥፋቱ መልሷ ትክክል መሆኑ ነበር።

የኮምፒውተር ባለሙያዎች በተሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ መለያው ላይ ፎቶ የሌለው አንድ ሰው፣ "የሌላ ሰው ቴሌግራም ሳይታወቅብኝ በኮምፒውተሬ ማንበብ እችላለሁ?" ብሎ ጠየቀ። አንጋፋዎቹ ተቆጡ፦ "ወንድሜ፣ ነውር ነው! እንዲህ ያለ ጥያቄ እዚህ አይመለስም።"

እሷም ከባለሙያዎቹ አንዷ ናት፤ ስብከት ግን ያንገሸግሻታል። "እኛ ባንነግረው ሌላ ይነግረዋል" አለችና አንድ በአንድ ጻፈችለት። ሳትቀልድም አላለፈች፦ "የኮምፒውተርህ ስም በባለቤቱ ስልክ ላይ ስለሚታይ ቀይረው። 'የአክስቴ ፍሪጅ' ብትለው ማን ይጠረጥርሃል?" ግሩፑ በሳቅ ፈነዳ።

በወሩ ታናሽ እህቷ ትርሲት የሚደበድባትን ባሏን ጥላ ሸሸች። የተደበቀችበትን ቤት ለታላቅ እህቷ ብቻ በቴሌግራም ጻፈችላት። ባልየው ግን ሳምንት ሳይሞላ በሩን ሰብሮ ገባ፤ ጎረቤት ነው ያስጣላት።

ትርሲት ያበጠ ጉንጯን በነጠላ ሸፍና መጣች።

"ከአንቺ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፣ እታለም። ለምን ነገርሽው?"

"እኔ? ትንፍሽ አላልኩም! ስልክሽን አምጪ፣ አሁን አሳይሻለሁ።"

ስልኩን ተቀብላ የትርሲት ቴሌግራም የት የት እንደተከፈተ አየች። አንደኛው ይኸው ስልክ ነው። ከሥሩ ሌላ አለ፦ "የአክስቴ ፍሪጅ"።

"እሺ፣ ምን አገኘሽ?"

ስሙ ላይ ጣቷን አሳርፋ ከዝርዝሩ አጠፋችው።

"ምንም የለም" አለች።

"አውቄዋለሁ፣ አንቺው ነሽ።"

ትርሲት ስልኳን መንጭቃ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።